ከአማቴ ጋር የተገጨንበት ዕለት

ጆርጂያ ውስጥ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የሚነበብ መጽሐፍ አለ። እዚያ ውስጥ፣ ሹፌር ግጭት ሲደርስበት ምን ማድረግ እንዳለበት የሚናገር ገጽ አለ። እኔ ያን ገጽ እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ። ቁም፤ የተጎዳ ሰው እንዳለ ጠይቅ፤ መኪናው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ከመንገዱ አውጣው፤ ፖሊስ ጥራ፤ ስምና ኢንሹራንስ ተለዋወጥ፤ ፎቶ አንሳ፤ ጥፋተኛው ማነው እያልክ አትጨቃጨቅ። ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እንኳ አንዲት ቃል አላዛንፍም። ችግሩ፣ መጽሐፉን የጻፈው ሰው አማቱን ከጎኑ አስቀምጦ ተገጭቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ከመቀጠሌ በፊት ሥራዬን ልንገራችሁ። ኮሌጅ ፓርክ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የእንግዳ ማመላለሻ ቫን እነዳለሁ። ከኤርፖርት ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ ኤርፖርት። በሆቴሉ ቫን ላይ የጥፍር ጭረት እንኳ አሳርፌ አላውቅም። ይህን የምለው ለመኩራራት ነው፤ ሌላ የምኮራበት ነገር ስለሌለኝ ታገሱኝ።

ባለቤቴ ማርታ እናቷን ለጥየቃ ስታስመጣ፣ እኔ አማቴን እማማ በላይነሽን በአካል አይቻቸው አላውቅም ነበር። በዲቪ መጥቼ ማርታን ያገኘኋት እዚሁ አትላንታ ነው፤ የተጋባነውም እዚሁ ነው። አማቴ የሚያውቁኝ በቫይበር ብቻ ነው። በቫይበር ደግሞ፣ ስልክ አያያዜ ነው መሰለኝ፣ ሁልጊዜ የሚታያቸው ግንባሬ ነው። ስለዚህ ሴትዮዋ ልጃቸውን የዳሩት ለአንድ ግንባር ነበር ማለት ይቻላል።

የመጡበት ቀን አርብ ሆነና ማርታን ከሥራ አልለቅ አሏት።

«አንተ ተቀበላት። ኤርፖርቱ ሰፈርህ አይደል?» አለችኝ። ከዚያ ጣቷን ቀስራ፣ «ደግሞ ቀስ ብለህ ንዳ! እማዬ ፍጥነት አትወድም» አለች።

ነጭ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ሻንጣ የጫነ ጋሪ እየገፉ ሲወጡ ወዲያው አወቅኳቸው። እሳቸውም ግንባሬን ካዩ በኋላ ወደ ፊቴ ወረዱ።

«እንደምን ነዎት?» አሉኝ።

አንቱ አሉኝ! በእሳቸው ደንብ አማች በአንቱ ነው የሚጠራ። ቀኑን ሙሉ «ሄይ» እየተባለ ለሚውል ሰው፣ አንቱ መባል ባዶ ሆድ ላይ እንደ ጠጣው ጠጅ ነው። አናቴ ላይ ወጣ። ጎበዝ ለመምሰል ሻንጣውን በአንድ እጄ ላነሳ ሞከርኩ። አልተነሳም። በሁለት እጄ ሞከርኩ።

«ምንድን ነው ያለው እማማ?»

«ምንም የለውም፤ ትንሽ ሽሮ ነው።»

በክብር ከፊት ወንበር አስቀመጥኳቸው፤ ቀበቶ አሰርኩላቸው። ሀይዌይ ላይ እንደ ወጣን ቀኝ እጃቸውን ዳሽቦርዱ ላይ ዘረጉና መኪናውን ወደ ኋላ ይገፉት ጀመር። እኔ በቀኙ መስመር፣ እንደ ታቦት አጃቢ ነው የምሄደው። የጭነት መኪና ሳይቀር እየቀደመን ያልፋል። እሳቸው ግን እጃቸውን አላነሱም። የትራፊኩን ብዛት ትንሽ ተመለከቱና፣

«ይሄ ሁሉ ሰው ወዴት ነው የሚሄደው?» አሉ።

«ወደ ቤቱ።»

«ሁሉም ባንዴ?»

አትላንታን ለዓመታት ስኖርባት እንዲህ በሁለት ቃል የገለጻት ሰው አላጋጠመኝም።

የእኛ ቤት ስማይርና ነው። ከሀይዌዩ ወርደን መብራቱ ጋ ስንደርስ፣ አረንጓዴው ቢጫ ሆነ። እዚህ ላይ ስለ ቢጫ መብራት ጥቂት ልበል። መጽሐፉ ቢጫ ማለት ለመቆም ተዘጋጅ ማለት ነው ይላል። የአትላንታ ሹፌር ግን ቢጫን እንደ ምርቃት ነው የሚቀበለው፤ ሳይሻር ይጠቀምበታል። ብቻዬን ብሆን እኔም አልፌ ነበር። ግን አማቴ ከጎኔ አሉ፤ አንቱ ተብያለሁ። ፍሬኑን ረገጥኩና ቀጥ አልኩ። «እዚህ አገር እንዲህ በሕግ ነው የሚነዳ እማማ» ልላቸው ዞር አልኩ። «እዚህ» ብቻ ነው ከአፌ የወጣው።

ጓ!

ከኋላችን የነበረችው ሴትዮ እኔ የማልፍ መስሏት፣ እሷም ተከትላኝ ልታልፍ ኖሯል። ሁለታችንም ወደ ፊት ተወርውረን ቀበቶው መለሰን። ሻንጣው ከኋላ ድምፅ አሰማ።

«እማማ! ተጎዱ እንዴ?»

ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ነጠላቸውን በግራ እጃቸው አስተካከሉና፣ «ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ?» አሉኝ።

ልቤ ተመለሰ። ተመለሰና መጽሐፉ ትዝ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደስ አለኝ። ያጠናሁትን የማሳይበት ጊዜ መጣ! የአደጋ መብራት አበራሁ፤ መኪናውን ቀስ አድርጌ ወደ ሾልደሩ፣ ወደ መንገዱ ጠርዝ፣ አወጣሁ፤ ለሴትዮዋም እንደ ትራፊክ ፖሊስ በእጄ ምልክት ሰጥቼ ከኋላዬ አስቆምኳት።

ሴትዮዋ ወረደች። ጠና ያለች ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ ዶሪስ ትባላለች። ለአርብ ጸሎት ወደ ቸርቿ እየሄደች ኖሮ ሐምራዊ ቀሚስና ጋሻ የሚያህል ሐምራዊ ባርኔጣ አድርጋለች። እንባዋ ይወርዳል፤ «ጂሰስ! ጂሰስ!» ትላለች። መጽሐፉ ስለ ጥፋት አታውሩ ስለሚል እኔ ቆፍጠን ብዬ ኢንሹራንሷን ጠየቅኳት። በዚህ መሃል አማቴ ከመኪናው ወርደው አጠገባችን ደርሰዋል። ዶሪስን አንድ ጊዜ አዩዋት፤ ወደ እኔ ዞሩና፣

«ሰው እያለቀሰች ወረቀት ይጠይቋታል?» አሉኝ።

ከዚያ በግራ እጃቸው ስበው አቀፏት። ዶሪስም የምታለቅስበት ትከሻ ስታገኝ ባሰባት። አማቴ፣ «አይዞሽ እቴ፤ ብረት ነው፤ ብረት ከሰው አይበልጥም» ይሏታል በአማርኛ። ዶሪስ በእንግሊዝኛ፣ «አሜን» ትላለች። ገጪና ተገጪ ሾልደር ላይ ተቃቅፈው ሲላቀሱ ያየ መንገደኛ ሁሉ የሞተ ሰው ያለ እየመሰለው ፍጥነቱን ይቀንስ ነበር።

እኔ ወደ ፎቶው ሄድኩ። የተጨማደደውን መከላከያ ላነሳ ስልኬን ሳወጣ፣ አማቴ ዶሪስን ለቀው መጡና ከመከላከያው አጠገብ ቀጥ ብለው ቆሙ። ለማስታወሻ የማነሳቸው መስሏቸው ነው።

«እማማ፣ ትንሽ ወደዚህ ፈቀቅ ይበሉልኝ።»

ወደ ታርጋው ፈቀቅ አሉ። ታርጋውን ላነሳ ስዞር እሳቸውም ተከተሉኝ። ሁለት እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው ሌንሱን ያያሉ። «ዞር ይበሉ» ማለት ከበደኝ። በኋላ የኢንሹራንሱ ሰውዬ ደውሎ፣ «ፎቶዎቹ ደርሰውኛል፤ ይቅርታ፣ ነጭ የለበሱት ሴት የት ነው የተገጩት?» ብሎ ጠይቆኛል። አልተገጩም፤ ፎቶ እየተነሱ ነው ብዬዋለሁ።

ፖሊሱ መጣ። ረጅም፣ ትሁት፣ ገና ወጣት ነው። የእኔንና የዶሪስን መንጃ ፈቃድ ተቀበለ፤ ከዚያ አማቴን አይቶ የተጎዱ እንደሆነ ጠየቃቸው። እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ።

«የሚያምዎት ነገር አለ ወይ ይላል።»

«ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ይበሉት። እሱስ ደህና ነው? ቤቱ፣ ልጆቹ ሁሉ ደህና ናቸው?»

ተረጎምኩ። ፖሊሱ ብዕሩን አቆመ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ከተገጨ ሰው ሰምቶ የሚያውቅ አልመሰለኝም።

«ደህና ናቸው» አለ። ትንሽ አሰበና፣ «ትንሿ ብቻ ጆሮዋን አሟታል» ብሎ ጨመረበት።

«እኔን!» አሉ አማቴ።

እንግዲህ አስተርጓሚነቴ እዚህ ላይ ነው የከሸፈው። የእኛ አገር ሰው «ደህና ነህ?» ሲባል የሚመልሰው መልስ ስለ ጤናው እንዳልሆነ ለፖሊሱ ማስረዳት ነበረብኝ። እኛ ዘንድ «ደህና» ሰላምታ ነው። ሊሞት የሚያጣጥር ሰው እንኳ ጠያቂ ሲመጣ መጀመሪያ «ደህና ነኝ» ይልና ነው ሌላውን የሚቀጥለው። እኔ ግን «ሺ ኢዝ ፋይን» ብዬ ዘጋሁት። ፖሊሱ አምቡላንስ ልጥራ ወይ ቢል፣ አማቴ «ምን ሆኜ!» አሉ፤ እኔም «ምን ሆነው!» ብዬ ተረጎምኩ።

ፖሊሱ ለዶሪስ ቲኬት መጻፍ ሲጀምር አማቴ እጅጌዬን ሳቡኝ።

«ምንድን ነው የሚጽፍባት?»

«ቲኬት ነው፤ ቅጣት።»

«ሊያስራት ነው?»

«ኧረ አያስራትም እማማ።»

አላመኑኝም። ወደ ፖሊሱ ተጠግተው ጎንበስ አሉ። «በልጆችህ! ሆን ብላ አይደለም፤ ማራት ይበሉልኝ» አሉኝ። ተገጪ ለገጪ ምሕረት ሲለምን ፖሊሱ ግራ ገባውና እኔን አየኝ። «ሃይማኖተኛ ናቸው» አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

መኪናዬ ኋላዋ ቢጨማደድም ትሄዳለችና ወደ ቤት ነዳሁ። ገና ፓርክ ሳላደርግ ዳኒ ደወለ። ዳኒ ጓደኛዬ ነው፤ ፒችትሪ ኮርነርስ አንድ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ደጋግሞ ተገጭቶ የኢንሹራንስ ካሳ ከመብላቱ የተነሳ በመካከላችን እንደ ሊቅ ነው የሚታየው። ከመንገድ ለማርታ ደውዬላት ነበር፤ እሷ ነግራው ኖሯል።

«ብሮ፣ ሊስን። አንገትህን ያዝ።»

«አንገቴን አላመመኝም።»

«ማን አመመህ አለህ? ያዝ ነው ያልኩህ። ጎንበስ ማለት ትችላለህ?»

«እችላለሁ።»

«እንዳትችል!»

ከዚያ ስልክ ቁጥሬን ለማን እንደ ሰጠብኝ አላውቅም፤ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የጠበቃና የወጌሻ ቢሮዎች እየተቀባበሉ ይደውሉልኝ ጀመር። ሁሉም የሚጠይቁኝ ስለ አንገቴ ነው። የወለደችኝ እናቴ እንኳ ስለ አንገቴ ይህን ያህል ተጨንቃ አታውቅም። እኔ ግን አንገቴ ደህና ነው፤ ደህና ነው ስላቸው በጣም ያዝኑልኛል።

ትልቁ ነገር የመጣው ራት ላይ ነው።

ማርታ ከሥራ መጥታ፣ ከእናቷ ጋር ተላቅሰው፣ ማዕድ ቀረበ። እኔ የእጅ ውኃ ይዤ ቀረብኩ። አማቴ፣ «ይተዉት፤ አልራበኝም፤ አውሮፕላኑ ላይ በልቻለሁ» አሉ። ማርታ ስታጎርሳቸው ግን አፋቸውን ከፈቱ። እኔም አጎረስኳቸው፤ ተቀበሉ። ነገር ግን መልሰው አላጎረሱኝም። እሺ እኔ ባዕድ ነኝ እንበል። ልጃቸውንም አላጎረሱም! ቀኝ እጃቸው ከነጠላው ስር አልወጣም። ሻይ ቢቀርብላቸው በግራ ያዙት። ሻንጣውንም «ነገ ይደርሳል» ብለው ሳይከፍቱ ገብተው ተኙ። እናት ከአገር ቤት መጥታ ሻንጣ ሳትከፍት ካደረች፣ መቼም ነገር አለ።

መኝታ ቤት እንደ ገባን ማርታ በሩን ዘግታ፣

«ምን አድርገሃት ነው?» አለችኝ።

«ምንም።»

«አኩርፋለች። እናቴን አውቃታለሁ። ስታኮርፍ ‹ደህና ነኝ› እያለች ዝም ነው የምትለው።»

«ተገጨን እንጂ እኔ አልገጨሁ!»

«ቀስ ብለህ ንዳ ብዬህ ነበር።»

«ቆሜ ነው እኮ የተገጨሁት! ከመቆም የበለጠ ቀስ ማለት የት አለ?»

ቅዳሜ ዕለት ልክሳቸው የማላደርገው ነገር አልነበረም። ከሶፋ ሲነሱ እነሳለሁ፤ በር እከፍታለሁ፤ ትራስ አቀብላለሁ። «ይቅርታ እማማ» እላቸዋለሁ። «ስለ ምኑ?» ይሉኛል። ይህንን «ስለ ምኑ» ሳመነዥከው ዋልኩ። የተናደደ ሰው ካልሆነ «ስለ ምኑ» የሚል ማነው? እንኳን ደህና መጡ ለማለት የመጡትን ጎረቤቶች ሁሉ ጉንጫቸውን ሳሙ፤ እጃቸውን ግን ለማንም አልዘረጉም። ማርታ ልብስሽን ላስለውጥሽ ብትል፣ በር ዘጉባት። ባለቤቴ ሳሎን መጥታ ዓይኗን እንባ ሞላው። «አገሬ መልሱኝ ትላለች ይሄኔ» አለች። እንግዲህ ይህቺ ሴት እናቷን ለማምጣት ስንት ዓመት እንደ ለፋች አውቃለሁ። እኔ ደግሞ የጨዋታው ማበላሻ ሆኜ ተገኘሁ፤ ለዚያውም በቢጫ መብራት።

በመጨረሻ ጋሽ አበራን ጠራን።

ጋሽ አበራ በስማይርና አበሻ መካከል የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። በስደት ሱዳን ኖረው፣ ከማናችንም ቀድመው ጆርጂያ ገብተው፣ ቤት ገዝተው፣ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የተጣላ ባልና ሚስት፣ የተካካደ ሸሪክ፣ ሁሉም እሳቸው ዘንድ ነው የሚሄደው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ኮታቸውን እንደ ለበሱ መጡ። አማቴ በክብር ብድግ አሉላቸው። ጋሽ አበራ ተቀመጡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ጀመሩ።

«ወይዘሮ በላይነሽ፣ እንግዲህ ብርጭቆ እንኳ አንድ መደርደሪያ ላይ ካደረ ይጋጫል። መኪና ደግሞ ከብርጭቆ ይልቅ ለግጭት የተሠራ ነው። ልጅዎ አጥፍቷል።»

«የቱ ልጄ?» አሉ አማቴ።

«አማችዎ።»

«ምን አጠፉ?»

ጋሽ አበራ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ማርታ አየሁ። ማርታ ወደ ምንጣፉ አየች።

«ሆዳቸው ቻይ ነው» አሉ ጋሽ አበራ፣ ነገሩን ባላቸው ጥበብ ሁሉ አክብደው። «ቢሆንም ቂም አያድርም። ተነስ አንተ፤ ጉልበታቸውን ሳም።»

ተነስቼ ተንበረከክኩ። አማቴ ደንግጠው፣ «ኧረ በስመ አብ! ምነው? ምን ሆነዋል? ተነሱ!» ይላሉ። ጋሽ አበራ፣ «ይቅር ብያለሁ ይበሉ» ይላሉ። «ምኑን?» ይላሉ አማቴ። «ሁሉንም!» ይላሉ ጋሽ አበራ። በመጨረሻ አማቴ ነገሩን ለመገላገል፣ «እሺ ይቅር ብያለሁ፤ የሆነውን ሁሉ ይቅር ብያለሁ» አሉ።

«ጎሽ! በሉ እንግዲህ እጅ ለእጅ ተጨባበጡ።»

እኔ ቀኝ እጄን ዘረጋሁ። አማቴ ግራቸውን ዘረጉ።

ማርታ አፏን በእጇ ያዘች። ጋሽ አበራ በሽምግልና ዘመናቸው ብዙ አይተው ይሆናል፤ በግራ እጅ ዕርቅ ግን ያዩ አልመሰለኝም።

«ወይዘሮ በላይነሽ! በግራ እጅ ዕርቅ የለም!» አሉና ተነስተው፣ የአማቴን ቀኝ እጅ ከነጠላው ስር ስበው አወጡት።

አማቴ «ወይኔ እናቴ!» ብለው የጮኹት ጩኸት ጎረቤት ድረስ ተሰምቷል።

እጁ ያበጠው እንደ ድፎ ነው። አንጓው ጋ ጠቁሯል፤ ጣቶቹ ተወጣጥረው ቆመዋል። ጋሽ አበራ የያዙትን እጅ እንደ ትኩስ ብረት ለቀቁት። እኔ እንደ ተንበረከክኩ ነኝ። ዳሽቦርዱ ታየኝ። ከኤርፖርት ጀምሮ መኪናውን ሲገፉበት የነበረው እጅ ነው። ስንገጭ ያ ሁሉ ክብደታቸው እዚያች አንጓ ላይ ነው ያረፈው። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ፎቶ አንስቻቸው፣ ለፖሊስ ተርጉሜላቸው፣ አላየሁም።

ማርታ እያለቀሰች፣ «እማዬ! ለምን አልተናገርሽም?» አለች።

አማቴ ትንፋሻቸው ሲመለስ፣ በዝግታ ተናገሩ።

«እንዴት ብዬ ልናገር ልጄ? ሰውዬው እየጻፈ ነው፤ ሰው ተጎድቷል ከተባለ ያቺን ሴትዮ ወህኒ ይወስዳታል። እኛ ሰፈር የተክሌ ልጅ ሰው ገጭቶ፣ የተገጨው እግሩ ስለ ተሰበረ አይደል ታስሮ የከረመው? ባልሽንም መንጃ ፈቃዳቸውን ይነጥቋቸዋል አልኩ። ገና አገራችሁን ሳልረግጥ ሁለት ሰው ላሳስር? በራሱ ይድናል ብዬ ነው።»

ጋሽ አበራ ኮታቸውን ቆለፉና፣ «መኪና አስነሱ» ብቻ አሉ። ሽምግልናው በዚሁ ተፈጸመ።

ሆስፒታል ገብተን ተራ ስንጠብቅ ለዳኒ ነገርኩት። «አንገት ነበር እኮ ያልኩህ፤ እጅ ሆነ?» አለ። አሰበና ደግሞ፣ «ኖ ኖ፣ እጅ ይሻላል፣ በራጅ ይታያል» አለኝ። ዘጋሁበት። ለዶሪስም ደወልን፤ ለኢንሹራንሷ እንድታሳውቅ። ስትሰማ ማልቀስ ጀመረች። ማርታ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገችው። አማቴ፣ «አይዞሽ፣ አያስሩሽም አሉኝ» ይሏታል። ዶሪስ በበኩሏ ስልኩ ላይ ረጅም ጸሎት ታደርሳለች። ከእኛ ጎን የተቀመጠው በሽተኛ ሳይቀር ከዶሪስ ጋር አሜን አለ።

ሐኪሟ አማርኛ አስተርጓሚ በስልክ አገናኘችን። ልጅ እግር ድምፅ ነው፤ የት እንዳለ አይታወቅም። አማቴ መጀመሪያ ጤንነቱን፣ ቀጥሎ እናትና አባቱ በሕይወት መኖራቸውን ጠየቁት። ሐኪሟ በትዕግሥት ጠበቀች።

«እናቴ፣ ሕመምዎ ከአንድ እስከ አስር ስንት ይሆናል ይላሉ» አለ አስተርጓሚው።

«እዚህ አገር ስንት ነው የሚባለው ልጄ?»

«እኔ መምከር አልችልም እናቴ። ያሉትን ብቻ ነው የምተረጉመው።»

አማቴ ወደ እኔ አዩ። የሚሉትን አውቃለሁ። ደህና ነኝ ሊሉ ነው። ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው፣ «እማማ፣ ማንም አይታሰርም። እውነቱን ይንገሩት» አልኳቸው።

ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ተፈታ። የአውሮፕላኑም፣ የመንገዱም፣ የመቻላቸውም ድካም ባንድ ላይ መጣባቸው መሰለኝ።

«አመመኝ» አሉ። «በጣም ነው ያመመኝ። እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። አስርም በለው፣ ከአስር በላይ ካለም እሱን በለው።»

አስተርጓሚው አፍንጫውን ሲስብ ተሰማኝ። ከዚያ ተረጎመ።

አንጓው ተሰብሯል። ስብራቱ ሁለት ቀን ስላለፈው ሐኪሟ መጀመሪያ ቀና አድርጋ መግጠም ነበረባት፤ እኔና ማርታ ወደ ኮሪደሩ እንድንወጣ ተደረገ። ማርታ ግድግዳው ላይ ተደግፋ ራሴን በእጇ ነካ ነካ አደረገችኝ። ይቅርታ መጠየቋ ነው። እኔም ቅድም ከተንበረከክሁበት ጉልበቴን እያሻሸሁ ተቀበልኳት። እጁ በጀሶ ታስሮ፣ ማስታገሻ ተሰጥቷቸው፣ ሲመሽ ሳይጨልም ለቀቁን። የሕክምናው ጣጣ ከዶሪስ ኢንሹራንስ ጋር ሆነና እኛ ከዚያ ወጣን።

ጋሽ አበራ ማርታን በእሳቸው መኪና ይዘው መድኃኒት ሊገዙ ሄዱ። አማቴ ከእኔ ጋር ልሂድ አሉ። ከፊት ተቀመጡ፤ የታሰረውን እጃቸውን ትራስ ላይ አስተኛሁላቸው። ከመኪና ማቆሚያው ስወጣ ጎማው አንዲት ጉብታ ነካ።

«ኧረ ቀስ በል አንተ! አመመኝ እኮ!» አሉኝ።

አንተ አሉኝ። ሲያመኝ እናገርልሃለሁ፣ ስትበድለኝም እቆጣሃለሁ ማለት ነው። መንገዱን ብቻ እያየሁ ነዳሁ።

ከዚያ በኋላ የነዳሁት አነዳድ በየትኛውም መጽሐፍ የለም። ጉብታ ስጠራጠር እቆማለሁ፤ ጉድጓድ ስጠራጠር እዞራለሁ። ከኋላችን የመኪና ሰልፍ ተሠራ። አንዱ ክላክስ አደረገ፤ ሌላው ተከተለው፤ እስከ መታጠፊያው ድረስ ሠርግ መሰለ። አንዳንዱ እየቀደመን ሲያልፍ መስኮቱን አውርዶ እጁን ያወናጭፋል።

አማቴ ከማስታገሻው እንቅልፍ ነቃ ብለው በመስኮቱ ተመለከቱ።

«እነዚህ ሰዎች ምን እያሉ ነው የሚጮኹት?»

«እንኳን ደህና መጡ እያሉዎት ነው» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና መስኮቱን እንዳወርድላቸው ጠየቁኝ። ከዚያ ጎናችን ቀርቦ ለሚሳደበው ሰውዬ፣ በደህናው እጃቸው፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡት። ሰውዬው አፉን እንደ ከፈተ ቀረ፤ ከዚያ ስድቡን ዋጠና እሱም እጁን አነሳላቸው።